ተች ስክሪን ያላት የኪስ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ማየት አለባችሁ?

ትንሿ የኪስ ካሜራ ተመልሳ መጥታለች። ሠርግ ወይም ምርቃት ላይ ስልኩን አስቀምጦ ትንሽ ካሜራ ከኪሱ የሚያወጣ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። የሚፈለገውም ብዙ ጊዜ ቁልፍ የበዛበት ዓይነት አይደለም። ጀርባው በሙሉ ስክሪን የሆነ፣ እንደ ስልክ በጣት የሚታዘዝ ነው።

ፈላጊው ቢበዛም ገበያው ላይ ያለው ዕቃ ግን ብዙ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዋና ዋናዎቹ የጃፓን ካሜራ አምራቾች ሌንሳቸው የማይነቀል ካሜራዎችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ለዓለም ገበያ አቅርበው ነበር። በ2023 ቁጥሩ 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ስልክ ገበያውን ስለወሰደው ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹን ሞዴሎች ማምረት አቁመዋል። ስለዚህ ዛሬ ፒያሳ፣ ስታዲየም ዙሪያ ወይም መርካቶ የምታገኙት የኪስ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወይ አሥር ዓመት ያለፈው ያገለገለ ዕቃ ነው፣ ወይ ስሙ የማይታወቅ ርካሽ አዲስ ዕቃ ነው፣ ወይ ደግሞ ከውጭ በሻንጣ የመጣ ውድ አዲስ ሞዴል ነው። ሦስቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ወር ሙሉ የተጠራቀመ ብር በአንድ ከሰዓት እንዳይበላ፣ ምን እንደምታዩ አውቃችሁ ግቡ።

ስልክ እያለ ካሜራ ለምን?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሁልጊዜ «ካሜራ ይሻላል» አይደለም።

የኪስ ካሜራ በሁለት ነገር ስልክን ይበልጣል። አንደኛው ዙም ነው። ካሜራው ውስጥ ያሉት መስታወቶች በትክክል ተንቀሳቅሰው ሩቁን ያቀርባሉ። ይህ ኦፕቲካል ዙም ይባላል። አብዛኛው ስልክ ላይ በጣት ስትስቡ የሚሆነው ግን ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ነው። እሱ ዲጂታል ዙም ይባላል፤ የሚጨምረው ዝርዝር የለም። ሁለተኛው ፍላሽ ነው። ካሜራ ላይ ያለው ፍላሽ በጣም አጭርና ኃይለኛ ብልጭታ ስለሆነ፣ እስክስታ የሚወርድ ሰው እንኳ ሳይደበዝዝ ይያዛል። ወጣቶች የሚወዱት ያ የድሮ የግብዣ ፎቶ መልክም ከዚሁ ይመጣል።

በጨለማ ያለ ፍላሽ ማንሳት ላይ ግን ደህና ስልክ አብዛኞቹን የኪስ ካሜራዎች ይበልጣል። ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንስቶ አዋህዶ አንድ ያደርጋቸዋል። የድሮ ካሜራ ይህን አይችልም። የምትፈልጉት የደመራ ማታ መስቀል አደባባይ ላይ የሚታየውን ሕዝብ በሻማ ብርሃን ማንሳት ከሆነ፣ ርካሽ የኪስ ካሜራ መግዛት ብር ማባከን ነው።

ሜጋፒክስል ሲበዛ ፎቶው ይጠራል?

ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ይህ ነው። «48 ሜጋ ናት፣ ፎርኬ ትቀዳለች» ይላችኋል።

ሜጋፒክስል ማለት ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ነው። ነጥቦቹ የሚቀመጡት ሴንሰር የሚባለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው። አንድ እንጀራ ለአሥር ሰው ስትቆርሱትና ለአርባ ሰው ስትቆርሱት እንጀራው ያው ነው፤ ቁራሹ ብቻ ያንሳል። ሴንሰሩ ሳይሰፋ ነጥብ ማብዛትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን እያነሰ ይሄዳል፣ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።

ስንት ይበቃል? ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት አድርጎ ለማሳተም 9 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ 4000 በ3000 ነጥብ ያለው ፎቶ ይሰጣል። ለቤተሰብ አልበምም፣ ለፌስቡክም ሆነ ለቴሌግራም ተርፎ ይቀራል።

ስማቸው የማይታወቅ አዲስ ርካሽ ካሜራዎች ላይ የሚጻፈው 48 ወይም 50 ሜጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ የሴንሰር ቁጥር አይደለም። ትንሽ ፎቶ አንስቶ፣ በመሀል ነጥብ እየፈጠረ የሚያሰፋ ሶፍትዌር ነው። መለያው ቀላል ነው። ሳጥኑ ላይ «16 እጥፍ ዲጂታል ዙም» ተብሎ በትልቁ ከተጻፈና ስለ ኦፕቲካል ዙም ምንም ካልተባለ፣ ሌንሱም ሲበራ የማይወጣ፣ ባለበት የሚቆም ከሆነ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ከርካሽ ስልክ ያነሰ ካሜራ ነው። ለልጅ መጫወቻ ይሆናል። ለሠርግ አይሆንም።

ታዲያ ምን ቁጥር ልይ?

የሴንሰሩን ስፋት እዩ። አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች 1/2.3 ኢንች የሚባል ሴንሰር አላቸው። ይህ በግምት 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከትንሽ ጣታችሁ ጥፍር አይበልጥም። ውድ የሚባሉት ደግሞ 1 ኢንች የሚባለውን ይይዛሉ፤ 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ አራት እጥፍ ገደማ ነው። የዋጋ ልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ካኖን ጂ7 ኤክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ባለ 1 ኢንች ነው፤ ተችም አለው። ዛሬ ስሙ በብዛት የሚነሳውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሌንሱ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ተመልከቱ። «1፡1.8» ወይም «1፡3.6» የሚመስል ቁጥር አለ። ሁለተኛው ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብርሃን በብዛት ያስገባል። 1.8 የሚለው 3.6 ከሚለው አራት እጥፍ ብርሃን ይቀበላል። ቤት ውስጥ፣ አዳራሽ ውስጥ ለምታነሱት ይህ ቁጥር ከሜጋፒክስሉ ይበልጣል።

ተች ስክሪኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ልዩነቱን ማወቅ የግድ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት በግፊት የሚሠራ ነው። ስክሪኑ ላይ ሁለት ስስ ንብርብሮች በትንሽ ክፍተት ተለያይተው ተቀምጠዋል። ስትጫኑት ይነካካሉ፣ ካሜራውም የት እንደተነካኩ ያነባል። በጥፍር፣ በጓንት፣ በእስክሪብቶ ጫፍም ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት ከወጡት ተች ካሜራዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ጫን ማለት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ስልክ የለመደ ሰው ቶሎ «ተበላሽቷል» ይላል። ላይበላሽ ይችላል። ከጊዜ በኋላ ግን የነካችሁት ቦታና ካሜራው ያነበበው ቦታ ይለያያል። እዚህ ትነካላችሁ፣ ጎኑ ያለው ይከፈታል። ብዙዎቹ ሜኑአቸው ውስጥ ይህን የሚያስተካክል «ካሊብሬሽን» የሚባል ትዕዛዝ አላቸው። ያንን ከሞከራችሁ በኋላም ካልተስተካከለ ተዉት።

ሁለተኛው እንደ ስልካችን ያለው ነው። መስታወቱ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል አለ፤ ጣት ሲጠጋው ለውጡን ያነባል። መንካት ብቻ ይበቃዋል። በጥፍር አይሰማም፣ ጣት ሲረጥብ ይሳሳታል። ከላዩ ወፍራም መከላከያ ከተለጠፈበትም ሊዘገይ ይችላል።

ሁለቱም ጋ አንድ አደጋ አለ። ቁልፍ የሌለው ካሜራ ስክሪኑ ሲሞት ካሜራው አብሮ ይሞታል ማለት ይቻላል። ፍላሽ ማጥፋት አትችሉም፣ ያነሳችሁትን ማየት አትችሉም። ለአሮጌ ሞዴል ስክሪን ማግኘት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ከሌንሱም በፊት የምፈትሸው ስክሪኑን ነው።

አፈታተሹ ይህ ነው። አንድ ፎቶ አንሱና በጣት እየገፋችሁ ወዲያና ወዲህ አሳልፉት። ከዚያ አራቱንም ማዕዘን ንኩ። ብዙ ጊዜ የሚሞተው መሀሉ ሳይሆን ጠርዙ ነው፤ የሜኑ ምልክቶች የሚቀመጡት ደግሞ ጠርዝ ላይ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች ያነሳችሁት ፎቶ ላይ በጣት ሥዕል እንድትጨምሩ ይፈቅዳሉ። ይህ ካለ ትልቅ ዕድል ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አስምሩ፤ መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ ሁሉ የሞተ ቦታ ነው።

ከዚያ ከሱቁ ውጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። በዓይን የሚታይበት ቀዳዳ የሌለው ካሜራ ሁሉ ነገሩ በስክሪኑ ነው። በስድስት ሰዓት ፀሐይ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ ስክሪኑ ላይ ምንም የማይታያችሁ ከሆነ፣ ጃንሜዳም ያው ነው የሚሆነው።

ተች ፎቶውን ያሻሽላል ወይስ ለምቾት ብቻ ነው?

እኛ አገር በጣም ያሻሽላል።

ካሜራ በራሱ ሲያነሳ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ወስዶ መካከለኛ ብርሃን ሊያደርገው ይሞክራል። አሁን ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ የለበሱ እናት ፀሐይ ላይ ቆመዋል እንበል። ካሜራው ነጩ በዝቶበት «በጣም ደምቋል» ብሎ ሙሉውን ያጨልማል። ነጠላው ያምራል፣ የእናትየው ፊት ግን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የበዓል ፎቶዎቻችን ላይ ይህን ሁላችንም አይተናል። ስህተቱ የፊታቸው ቀለም አይደለም፣ የካሜራው ስሌት ነው።

ተች ስክሪን ላይ ፊታቸውን ስትነኩ ለካሜራው «ጥራትህንም (ፎከስህንም)፣ ብርሃንህንም እዚህ ለካ» ማለታችሁ ነው። ፊቱ ወዲያው ይፈካል። ብርሃኑ ከበዛ ደግሞ ነጠላው ይነጣና ጥለቱ ይጠፋል። ሁለቱንም አስማምቶ የሚይዘው ሰፊ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው።

ግን ሁሉም ተች ይህን አይሠራም። አንዳንዱ ሲነካ ጥራቱን ብቻ ያስተካክላል፣ ብርሃኑን አይነካም። አንዳንዱ ደግሞ ተቹ ለፎቶ ማንሻ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሶኒ አርኤክስ100 ሰባተኛው ትውልድ ላይ ሜኑውን የምታዙት በቁልፍ እንጂ በጣት አይደለም። ለማወቅ በር ላይ ሰው አቁሙ። ከኋላው ደማቅ ውጪ ይሁን። ፊቱን ንኩ፣ ከዚያ ሰማዩን ንኩ። ስክሪኑ ሲደምቅና ሲጨልም ካያችሁ ብርሃኑንም ይለካል ማለት ነው። ነጭ ወረቀት ፊቱ አጠገብ አስይዛችሁ ብታነሱ ደግሞ የነጠላውን ፈተና እዚያው ፈተናችሁት።

ሌንሱንና ሴንሰሩን እንዴት ልፈትሽ?

አብሩትና ሌንሱ ሲወጣ ስሙ። የመፈጨት ድምፅ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግማሽ ላይ መቆም ካለ ውስጡ አቧራ ገብቷል ወይም ወድቋል። የኪስ ካሜራዎችን አብዝቶ የሚገድላቸው ይህ ነው፤ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም። አምስት ስድስት ጊዜ አብሩ፣ አጥፉ። ዙሙን እስከ መጨረሻው ውሰዱትና መልሱት።

በስልክ ባትሪ መስታወቱን አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው፤ አትግዙት። ቀጥሎ ሰማዩን በሙሉ ዙም አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከወጣ ውስጥ አቧራ አለ። ጽሑፍ የበዛበት ታፔላ ከፊት ለፊት አንሱና አራቱን ማዕዘን አስፉ። አንድ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ካሜራው ወድቆ ሌንሱ ተዛንፏል።

ለሴንሰሩ፣ ሌንሱን በእጃችሁ ከድናችሁ ያለ ፍላሽ አንሱ። ጥቁሩ ፎቶ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ነጥቦች ቢበዙ ሴንሰሩ አርጅቷል። አንድ ነገር ግን አያስደንግጣችሁ። ሲሲዲ የሚባል የድሮ ሴንሰር ያለው ካሜራ ወደ አምፖል ስታዞሩት ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ ነጭ ወይም ሐምራዊ መስመር ያሳያል። ያ ብልሽት አይደለም፣ የሲሲዲ ባሕርይ ነው።

ቪዲዮውን በአጭሩ፦ ግማሽ ደቂቃ እያወራችሁ ቅረጹ፣ መልሳችሁ ስሙ። ማይኩ ከሠራ ይበቃል።

ባትሪ፣ ካርድ፣ ቋንቋ

ርካሽ የመሰለ ካሜራ የሚወደደው እዚህ ላይ ነው። ባትሪውን አውጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጠፍጣፋ ካልሆነና ከተወዛወዘ አብጧል፤ መጠቀም አደገኛ ነው። ቁጥሩን አንብቡና ተተኪ መኖሩን ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ከሌለና 110 ብቻ ከሆነ፣ እኛ ቤት 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል። ከአሜሪካና ከጃፓን የመጣ ዕቃ ላይ ይህን ሳታዩ አትውጡ።

ካርዱን እዩ። እስከ 2009 እ.ኤ.አ. የወጡ የሶኒ የኪስ ካሜራዎች የሶኒን የራሱን ሜሞሪ ስቲክ ነው የሚቀበሉት። አሮጌ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ኤክስዲ የሚባል ካርድ ይጠቀሙ ነበር። ሁለቱንም ዛሬ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ካሜራው ከነካርዱ ካልተሸጠ አትቀበሉ። ኤስዲ የሚወስድ ከሆነም ዕድሜው ለውጥ ያመጣል። በጣም አሮጌው እስከ 2 ጊጋ ብቻ ያነባል፣ ቀጥሎ የመጣው እስከ 32 ጊጋ። ትልቅ ካርድ ከትታችሁ «አልሠራም» ቢላችሁ ካሜራው ላይበላሽ ይችላል።

ቋንቋውንም ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ ሶኒዎች ሜኑአቸው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ አይቀየርም። በዋጋ ረከስ ብለው የሚመጡት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ተች ካሜራ ላይ ሁሉ ነገር በስክሪን ስለሚነበብ ችግሩ ይብሳል።

ቀኑን ስትሞሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓቱም በእነሱ። ባትሪ ባወጣችሁ ቁጥር ቀኑ ከጠፋ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች። ፎቶ ከማንሳት አያግድም፣ ግን ለመደራደሪያ ይሆናችኋል።

በቴሌግራም የሚሸጥ ከሆነስ?

«ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚለጠፈው የካሜራው ፎቶ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ካሜራው ያነሳውን ፎቶ ነው። ያንን ሲልኩላችሁ እንደ ተራ ፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ እንዲልኩ ጠይቁ። ቴሌግራም ተራ ፎቶን ያሳንሰዋል፣ ጉድለቱም አብሮ ይደበቃል። በፋይል የተላከው ሙሉ መጠኑን ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩን ስትከፍቱት የካሜራው ሞዴልና የተነሳበት ቀንም ብዙ ጊዜ አብሮት አለ። ሞዴሉ ከሚሸጠው የተለየ ከሆነ ያነሳው ሌላ ካሜራ ነው።

በአካል ስትገናኙ የራሳችሁን ካርድ ያዙ። «ወንድሜ፣ በራሴ ካርድ ልሞክር» ማለት ነውር የለውም። ያነሳችሁትን በላፕቶፕ ወይም በስልክ አስፍታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ፤ የካሜራው ትንሽ ስክሪን ሁሉንም ፎቶ ያሳምራል። ደብዛዛውን እንኳ።

ዋጋን በተመለከተ፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። ዓምና የተገዛበትን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ። ያንኑ ሞዴል በዚያው ሳምንት ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ፒያሳ በ2016 ብዙ ክፍሏ ሲፈርስ ነጋዴዎች ተበትነዋል፤ የምታውቁት ሱቅ ከቦታው ላይኖር ይችላል፣ ተጠያይቃችሁ ፈልጉት። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ካሜራው ሥር የተጻፈው መለያ ቁጥር ይጻፍላችሁ። ከተበላሸ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስም እዚያው ላይ በጽሑፍ ይስፈር።